በአባቷ ፋንታ

ጉተማ የሐመልማልን አባት የመፍቻ ሳጥን በትከሻው ተሸክሞ ከግቢ ሲወጣ፣ እሷ በረንዳው ጣራ ሥር ልብስ እያሰጣች ነበር። ነሐሴ ነው፤ ፀሐይ ከታየች ሰነባብታለች፤ የልጆቿ ሹራብ ገመድ ላይ እንደ ረጠበ መሽተት ጀምሯል። ጉተማና አባቷ ለብዙ ዓመት አይነጋገሩም ነበር። ሁለቱም ፍሬን ሠሪዎች ናቸው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አንድ ጋራዥ ውስጥ ጎን ለጎን ሲሠሩ፣ አንድ የጭነት መኪና ከእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት ከአጥር ጋር ተላተመ፤ «ያንተ እጅ ነው»፣ «የለም ያንተ ነው» ተባባሉና ከዚያ ወዲህ ልቅሶ ቤት እንኳ አንዱ ካለበት ድንኳን ሌላው ጥግ ፈልጎ ነበር የሚቀመጠው። አሁን ያ ሰው ሳጥኑን እንደ ታቦት ተሸክሞ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ጭቃውን ሳያይ እየረገጠ ይሄዳል።

«ጋሼ ጉተማ፣ ምንድን ነው እሱ?» አለችው።

«አባትሽ ሰጡኝ። ውሰድ አሉኝ።» ሳጥኑን ከትከሻው አውርዶ በጉልበቱ ደገፈው። «ጥፋቱ ያንተም ይሁን የኔም ይሁን ይቅር ለእግዚአብሔር አሉኝ። እምቢ ብል እግሬ ላይ ሊወድቁ ሆነ! ይኸ ዕቃ ዛሬ ቢገዛ ከሃያ ሺህ ብር በታች አይገኝም፤ የጥንት የጀርመን ብረት ነው። አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ጻድቅ ናቸው። እኛ ነን የማናውቃቸው።»

ከአጥሩ ወዲያ ጎመን ትቀነጥብ የነበረችው ጎረቤታቸው ሙሉነሽ ቀና አለች። «እኔንም ትናንት ይቅርታ ጠየቁኝ እኮ! ‹ምን በደሉኝና አባባ?› ብላቸው፣ ‹ሰው ሳያውቅ ይበድላል› አሉኝ። ፍልሰታ ነው፤ ነፍሳቸው ነቅታ ነው። ለእኛም በሰጠን።»

ጉተማ «አሜን» ብሎ ሳጥኑን እንደገና ተሸከመ። ሐመልማል በእጇ የያዘችውን ሹራብ ከጨመቀችው በኋላ ደግማ ጨመቀችው። ተከትላ ልትጠይቀው ፈለገችና ተወችው። በዚህ ሰፈር ስለ እሷ የሚወራውን ታውቃለች። ሐመልማል ጋዝ ስትለኩስ ልጆቹን ደጅ ታስወጣለች። ሐመልማል የእሳት አደጋ ስልክ በቃሏ ታውቃለች። አንድ ጊዜ የባሏ የወንደሰን ስልክ ባትሪ ጨርሶ ቢጠፋባት፣ እሱ ከጓደኞቹ ጋር ኳስ ሲያይ እሷ የሆስፒታሎችን ድንገተኛ ክፍል በኮንትራት ታክሲ ስትዞር አመሸች፤ እስከ ዛሬ በየሠርጉና በየክርስትናው ይሳቅባታል። ለሁሉ ነገር የሚደነግጥ ሰው ትልቁ ነገር ሲመጣ የሚደነግጥበት ለብቻው ያስቀመጠው ድንጋጤ የለውም። ሰውም አያምነው፣ እሱም ራሱን አያምን። ስለዚህ ሹራቡን ሰቀለችና ሌላውን አነሣች።

አባቷ አቶ ወልደ ኢየሱስ የሚኖሩት በግቢው ጀርባ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ በርጩማ፣ ድምፁ የሚቆራረጥ ሬዲዮ፣ ግድግዳው ላይ ያለፈው ዓመት የቀን መቁጠሪያ። እናቷ ከሞተች ወዲህ ዋናው ቤት ግቡ ቢባሉ እምቢ አሉ። መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት አደባባዩ ጋ ከጓደኞቻቸው ጋር ፀሐይ ይሞቁ ነበር፤ ኋላ ጓደኞቻቸው ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ልጆቹን ተከትሎ ከከተማው ዳር ወደሚገኝ ኮንዶሚኒየም ሄደ፣ እሳቸውም መውጣቱን ተዉት። ሐመልማል ምሳና ራት በሰሃን ትወስድላቸዋለች። «እንዴት ዋሉ አባባ?» «ተመስገን።» «ይብሉ እንጂ።» «እበላለሁ፣ አስቀምጪው።» ከዚህ የሚያልፍ ወሬ በመካከላቸው ከተወራ ቆይቷል። በዚህ ዓመት ደግሞ ሰሃኑ ሳይነካ መመለስ የጀመረው ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት፣ ገና በሰኔ ነው። ለማንም አልተናገረችም። የሚጾምን ሰው አይበላም ብሎ ማን ይከሳል?

ሦስት ሰዓት ግድም የውጭ በር ተንኳኳ። የጤና ጣቢያ ልጅ ናት። ቦቲ ጫማዋ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ለብሷል፤ ታብሌቷን በላስቲክ ጠቅልላ ብብቷ ሥር ይዛለች። ሀዊ እባላለሁ አለች። ከስልሳ ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎችን ስለ አእምሮ ጤና እየዞርን እንጠይቃለን፣ እዚህ ቤት አንድ አባት እንዳሉ ነግረውናል አለች።

«የአእምሮ?» አለች ሐመልማል በሩን ሳትለቅ። «እዚህ ቤት እብድ የለም።»

ልጅቷ ሳቀች። «እብድ አይደለም እትዬ። ድብርት፣ ጭንቀት፣ የመርሳት ነገር ካለ ለማወቅ ነው። ግፊት እንደምንለካው በሉት፤ ይኸኛው በጥያቄ ነው።»

ግፊት የሚለው ቃል ሐመልማልን ትንሽ አረጋጋት። ልጅቷን ወደ ጓሮ ይዛት ሄደች። አባቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ የሚጠብቁት ሰው ያለ ይመስላሉ። ልጅቷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ገና አፏን ሳትከፍት ሙሉነሽ እጇን በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች ገብታ በሩ መቃን ላይ ተደገፈች።

ሀዊ እንደ ማፈር ብላ፣ «ከተቻለ ብቻቸውን ባወራቸው ደስ ይለኛል» አለች።

«ምን ምስጢር አለ?» አለች ሙሉነሽ። «የአንድ እድር ሰዎች ነን። ልጃቸው ናት፣ እኔ ጎረቤት ነኝ። ጠይቂ፣ ጠይቂ፤ እኛ እናግዛቸዋለን።»

ልጅቷ ሐመልማልን አየቻት። ሐመልማል ልትወጣ ይገባት እንደ ነበር ኋላ አሰበች፤ ያን ጊዜ ግን እግሯ አልተነሣም። አባቷ ስለ እሷ ቤት፣ ስለ ሰሃኑ፣ ስለ ባሏ ምን እንደሚሉ መስማት ነበረባት። ክፍሏ ለአራት ሰው አትበቃም፤ የልጅቷ ጉልበት የአባቷን ጉልበት ሊነካ ምንም አልቀረው።

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት፣ አባባ፣ ድሮ ደስ ይልዎት የነበረ ነገር አሁንም ደስ ይልዎታል?»

አባቷ ወለሉን እያዩ፣ «የዚህ ዓለም ነገር ከንቱ ነው፣ ልጄ» አሉ።

«አሜን!» አለች ሙሉነሽ። «የከንቱ ከንቱ።»

«እንቅልፍስ? በደንብ ይተኛሉ?»

«ሌሊቱን አልተኛም።»

«ለጸሎት እየተነሡ ነው» አለች ሙሉነሽ ቀድማ። «መብራታቸውን ከእኛ ቤት አየዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። ይኸን የመሰለ ጸጋ!»

አባቷ አላረሙም፤ አዎም አላሉ። ልጅቷ ጣቷ ታብሌቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየና አንድ ቦታ ነካች። የምግብ ፍላጎት ስትል ሐመልማል «ጾም ነው እኮ» አለች። ራስዎን ይወቅሳሉ ወይ ስትል «ኃጢአተኛ ነኝ» አሉ፤ ሙሉነሽ «ማን ያልሆነ አለና» አለች። ሰው ማግኘት ያስጠላዎታል ወይ ስትል ደግሞ፣ «በሱባኤ ጊዜ ዝምታ ይመረጣል» የሚል መልስ ከበሩ በኩል መጣ። ልጅቷ «እሺ፣ ይኼ እንግዲህ ከሃይማኖት ጋር የተያያዘ ነው» ብላ ለራሷ አጉረመረመችና ነካች፣ ነካች። ሐመልማል ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ ፈተና እንደሚያልፍ ልጅ እናት ነበር የሚሰማት። የቀረው አንድ ነበር። ሀዊ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ከታብሌቱ ላይ ዓይኗን አንሥታ ጠየቀችው።

«ብሞት ይሻለኛል ብለው ያስባሉ? ወይም ራስዎን ለመጉዳት አስበው ያውቃሉ?»

አባቷ ቀና አሉ። ልጅቷ ከገባች ጀምሮ ፊቷን ሲያዩ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነበር። ከንፈራቸው ተላቀቀ። ጉሮሯቸው ላይ አንድ ነገር ወጣ፣ ወረደ።

«በስመ ሥላሴ!» አለች ሐመልማል። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «የእኛ አባባ? ለሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? የለም! የለም በይ።»

«ኧረ እግዚኦ» ብላ ሙሉነሽ አማተበች።

ከንፈራቸው ተመልሶ ተዘጋ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መለሱትና ወለሉን ማየት ቀጠሉ። ልጅቷ ፊቷ ቀላ፤ «ጥያቄው ቅጹ ላይ ስላለ ነው እትዬ፣ ይቅርታ አባባ» ብላ ነካችው። ከዚያ ስክሪኑን ዝቅ፣ ከፍ አድርጋ፣ «ጥሩ ናቸው፤ ነጥባቸው ዝቅተኛ ነው የወጣው» አለች። ስልክ ቁጥሯን ለሐመልማል ነገረቻት፤ የሚያሳስብ ነገር ካለ ደውሉ፣ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጤና ጣቢያ ነኝ አለች። ሐመልማል እስከ ውጭው በር ሸኘቻት። ሙሉነሽም ለቅዳሴ ልልበስ ብላ ሄደች። ዝቅተኛ ነው። ሐመልማል ቃሉን እንደ ጥሩ የደም ምርመራ ውጤት ደጋግማ ለራሷ አለችው። የአባቷ ጉሮሮ ሲወጣና ሲወርድ ግን ከዓይኗ አልጠፋም።

ብዙም ሳይቆይ አባቷ ከጓሮ ወጡ። ባርኔጣቸውን አድርገዋል፤ ከዘራቸውን ይዘዋል፤ ሌላ ምንም አልያዙም።

«ኪዳነ ምሕረት ልወጣ ነው» አሉ። «ሱባኤ ልገባ።»

«ዛሬውኑ? ዝናብ እኮ ነው አባባ። እስከ መቼ ይቆያሉ?»

«እናንተ ብቻ ደህና ሁኑ።»

ትልቋ ልጇ ነፃነት በረንዳው ላይ ስልኳን እየነካካች ነበር። አያቷ ግንባሯን ሲስሟት አንዱን ማዳመጫ ከጆሮዋ አውጥታ፣ «ቻው አባባ፣ ለእኔም ጸልዩልኝ፣ የማትሪክ ውጤት ሊወጣ ነው» አለቻቸው። ወደ ሐመልማል ዞሩና የሹራቧን ኮሌታ አስተካከሉላት። ኮሌታው የታጠፈ አልነበረም። አባቷ ልብሷን ነክተው የሚያውቁት መቼ እንደ ነበር አታስታውስም፤ የመጀመሪያ ቀን ትምህርት ቤት ስትሄድ ሊሆን ይችላል። ጣታቸው ቀዝቃዛ ነበር። ሲወጡ የውጩን በር ዘጉት፤ ሁልጊዜ ክፍት ነበር የሚተዉት።

ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። የሽንኩርት ዋጋ በዚህ ሳምንት ደግሞ ጨምሯል፤ ባለሱቁ ሳያፍር ነው የነገራት፤ ዘይቱም እንደዚያው። እነዚህን ነገሮች እያሰበች ግማሹን ከተፈች። ከዚያ ቢላዋውን አስቀመጠችና እጇን ሳትታጠብ ወደ ጓሮ ሄደች። ክፍላቸውን ላጽዳ ብላ ነው፤ ለራሷ የነገረችው እንደዚያ ነው።

ክፍሏ ጸድታለች። አልጋው ተነጥፏል፤ ወለሉ ተጠርጓል። ትራሱ ላይ ጋቢያቸው በአራት ታጥፎ ተቀምጧል፤ ጋቢው ላይ ውዳሴ ማርያማቸው፣ ውዳሴ ማርያሙ ላይ መነጽራቸው። ሐመልማል በሩ ላይ ቆማ አየችው። ሱባኤ የሚገባ ሰው ገንዘብ ሊረሳ ይችላል፣ ጥሬና በሶ ሊረሳ ይችላል። በነሐሴ ብርድ፣ እንጦጦ ላይ፣ ጋቢ አይረሳም። በፍልሰታ ውዳሴ ማርያሙን ቤቱ ጥሎ ለጸሎት የሚወጣ ሰው ደግሞ አልተፈጠረም። ይቅርታ የጠየቋቸው ሰዎች፣ የመፍቻው ሳጥን፣ የማይበላው ምግብ፣ ሁሉም ተራ በተራ ሌላ ፊት አሳያት። እስከ ጠዋት ድረስ ቅድስና ይመስል ነበር።

ለወንደሰን ደወለች። መጋዘን ውስጥ ነው፤ ከኋላው ጭነት ሲራገፍ ይሰማል።

«ወንዴ፣ አባባ ኪዳነ ምሕረት ሄዱ፣ ጋቢያቸውን ትተው...»

«ጀመረሽ!» አለ። «ሽማግሌው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ ነው የምትይኝ? ወንጀል ነው እንዴ?»

«ጸሎት መጽሐፋቸውንም ትተዋል። አንድ ነገር...»

«እዚያ ጋቢ የሚያለብስ ሰው አይጠፋም፣ ሐመሌ። ስልኬ ቢጠፋ በየድንገተኛ ክፍሉ የፈለግሽኝ ሴት ነሽ። በይ እቃ እየተቆጠረ ነው።» ሳቀና ዘጋው። በክፋት አልነበረም የሳቀው፤ ያ ነው ያስፈራት። «አንድ ነገር» ያለችው ምን እንደሆነ ሳትነግረው ነው የዘጋው፤ ቢጠብቃትም ትነግረው እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረችም። ስም ያወጡለት ነገር ሰምቶ እንደሚመጣ ልጅ ሆና ሰምታለች። ሟርት ይባላል።

ለሀዊ ስትደውል ልጅቷ ሌላ ሰው ቤት ነበረች፤ ሕፃን ያለቅሳል። ሐመልማል ስለ ጋቢው፣ ስለ መጽሐፉ፣ ስለ መፍቻው ነገረቻት። ልጅቷ ወደ ውጭ ወጣች መሰለ፣ የሕፃኑ ድምፅ ራቀ።

«እትዬ» አለች ሀዊ፣ «የመጨረሻውን ጥያቄ እሳቸው አልመለሱም እኮ።»

«አውቃለሁ። እኔ ነኝ የመለስኩት።»

«እኔም የለም ላይ ነካሁት። አሁን ይሂዱ። ሲያገኟቸው በቀጥታ ይጠይቋቸው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባቸውም፤ ሥልጠናው ላይ እንደዚያ ነው ያሉን።»

«ስንት ቀን ነው የሠለጠናችሁት?»

«ሁለት ቀን» አለች ልጅቷ እንደ ማፈር ብላ። «ብቻቸውን አይተዋቸው። ወደ ጤና ጣቢያ ይዘዋቸው ይምጡ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም እንልካቸዋለን። እጠብቃለሁ።»

ጋቢውን ብብቷ ሥር አድርጋ ወጣች። ታክሲው ሽቅብ ሲወጣ ማርሹ ይንፈራገጣል፤ ረዳቱ ሃያ ብሯን ተቀብሎ መልስ የለኝም አላት፤ አልተከራከረችም። ከጎኗ የተቀመጡት ሴቶች ነጭ ለብሰው ስለ ጤፍ ዋጋ ያወራሉ። መንገዱ ካበቃበት ወርዳ በእግሯ ወጣች። ጭጋጉ ከባሕር ዛፎቹ አናት ወርዶ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ከሰው ትከሻ በላይ ያለው ሁሉ ጠፍቷል። ቅጠሉ የጠራቀመውን ዝናብ ቆይቶ ቆይቶ ያራግፈዋል፤ ባራገፈ ቁጥር ከኋላዋ ሰው የሚሄድ ይመስላታል፤ ትዞራለች፤ ማንም የለም።

የኪዳነ ምሕረት ቅጥር ከውጭ ጀምሮ ነጭ ነው። ሰው በዛፍ ሥር፣ በላስቲክ ሥር፣ በጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ቅዳሴ ይጠብቃል። በዚያ ሁሉ ነጭ ውስጥ ግራጫ ካፖርት ፈለገች፤ አጣች። በሩ ላይ የቆመውን ዘበኛ ጠየቀችው።

«ከዘራ የያዙ ረጅም ሽማግሌ? አይቻቸዋለሁ» አለ። «ደጃፉን ተሳለሙ፤ አልገቡም። ‹አባቴ፣ ይግቡ እንጂ፣ ዝናብ ነው› ብላቸው፣ ‹እኔ ለዚህ አልበቃሁም› አሉኝ። ትሕትና ነው እትዬ! እኛ በጫማችን የምንገባውን እኮ ነው። ወደ ላይ ሄዱ፣ ወደ ደኑ።»

ሐመልማል ሮጠች። እየሮጠች ያሰበችው አባቷን አልነበረም፤ ያሰበችው ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት እንደማይደረግለት ነበር። ካህናቱ ምን ይላሉ፤ እድሩ ድንኳን ይተክል ይሆን፤ ሙሉነሽ በየቤቱ ምን ብላ ታወራለች። ይህን ሁሉ በአንድ እስትንፋስ አሰበችና፣ ካሰበችው በኋላ በራሷ አፈረች። ገና በሕይወት ያለ ሰው ቀብር ማሰቧ ሳይሆን፣ ከቀብሩ ውስጥ የሰው ዓይን ቀድሞ የታያት መሆኑ ነበር ያሳፈራት። «አባባ!» ብላ ጮኸች። ጭጋጉ ድምፅዋን አጠገቧ ጣለው።

ያገኘቻቸው መንገዱ ሲጠብ፣ የተቆረጠ ግንድ ላይ ተቀምጠው ነው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አድርገዋል፤ ውኃው ከፀጉራቸው ወደ አንገታቸው ይወርዳል፤ አይጠርጉትም። ስትመጣ አልተገረሙም። ከርቀት የመጣ አውቶቡስ እንደሚያይ ሰው ነበር ያዩዋት።

«ምነው መጣሽ?»

«ጋቢዎን ረስተው።»

«አልረሳሁም።»

አጠገባቸው ተቀመጠች። ግንዱ እርጥብ ነው፤ ብርዱ በቀሚሷ ገባ። «አሞዎት ነው?» አለች። «ደህና ነኝ» አሉ። «የቤት ሰው አስቀየመዎት? ወንደሰን አንድ ነገር አለ?» «ማንም ምንም አላለኝም።» እነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ መሸሻ በር እንዳላቸው፣ አባቷ በዚያ በር እንደሚወጡባት ገባት። የቀረው ያኛው ነው። በአንቱታ አድጋለች፤ እናቷ «አንቺ ልጅ፣ አባትሽን አንተ አትበይ» ብላ ቆንጥጣ ነው ያሳደገቻት፤ ያ ቃል ደግሞ ከአንቱታ ጋር የሚሄድ አልመስል አላት። ቢሆንም አለችው።

«አባባ፣ ራስዎን ሊያጠፉ ነው የወጡት?»

ቅጠሉ ውኃውን አራገፈ። አባቷ ባርኔጣቸውን ገለበጡት፣ መልሰው ገለበጡት።

«አዎ» አሉ።

በስመ ሥላሴ አላለችም። እጇ ሊያማትብ ሲነሣ ተሰማት፤ ጭኗ ላይ ያዘችው። እሳቸው ቀስ ብለው ቀጠሉ፤ ዓይናቸው ከዛፎቹ ላይ አልተነሣም።

«ሰው ሁሉ ከእናትሽ ሞት ወዲህ ይመስለዋል። ከዚያም በፊት ነበር። ጠዋት ስነቃ... ፍሬኑ ነክሶ የቀረ መኪና ታውቂያለሽ? ሞተሩ ይሠራል፣ ነዳጁ ይቃጠላል፣ ጎማው አይዞርም። እንደሱ ነኝ። ይኸው ነው። ሌሊት መብራት የማበራው ለጸሎት አይደለም። መጸለይ ካቆምኩ ቆይቷል። ጨለማውን ስለምፈራ ነው።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺ ትደነግጫለሻ።» ፈገግታ የሚመስል ነገር አንድ ጎን ከንፈራቸው ላይ መጥቶ ሄደ። «ለልጅቷ ልነግራት ነበር። ባዳ ናት፤ ለባዳ ይቀላል።»

ሐመልማል ክፉውን ሁሉ ቀድማ ስታስብ የኖረች ሴት ናት፤ ስልኩ ሲጮህ፣ መርዶ ሲነገር፣ ሰው ሲሰበሰብ አስባ ታውቃለች። ሰውየው ሳይሞት አጠገቧ ተቀምጦ አዎ ቢላት ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ግን አንድ ቀን አስባ አታውቅም።

«ዛሬ ነበር?» አለች።

«ዛሬ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አንቺ መጣሽ።»

«ነገስ?»

«የነገን እንጃ፣ ሐመልማል» አሉ።

ጋቢውን ዘርግታ በትከሻቸው ላይ አደረገችው። «ያቺ ልጅ ትጠብቀናለች። እንሂድ» አለች። ይነሣሉ ብላ አልጠበቀችም፤ ግን ከዘራቸውን ተክለው ተነሡ። እሺ አላሉም። ስለደከማቸው የተነሡ ነበር የሚመስሉት። የደኑ መንገድ ለሁለት ሰው አይበቃም። ከፊት ብትሄድ አታያቸውም፤ ከኋላ ብትሄድ ደግሞ መያዝ ቢያስፈልግ አትደርስባቸውም። ስለዚህ እሳቸውን በመንገዱ አስኬደች፣ እሷ ከጎን በሳማውና በእሾሁ ውስጥ እየረገጠች እጅጌያቸውን ይዛ ወረደች። ደጋግመው መቆም አበዙ። በቆሙ ቁጥር አብራ ቆመች፤ በቆመች ቁጥር ሰዓቱ እየሄደ እንደሆነ ታስባለች።

አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ቁልቁል ይፈስ ነበር። ሙሉነሽ ጠበል የሞላ ጠርሙስ ይዛ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ትወርዳለች። አየቻቸውና ቆመች።

«ውይ አባባ! ሱባኤውን ትተው? ሐመልማል፣ አንቺ ነሽ ያስወጣሻቸው? ኧረ ተይ አንቺ ሴት፣ ሰውን ከእመቤቴ ደጅ እያወጡ መመለስ ነውር ነው! ብርድ ይገድላቸዋል ብለሽ ነዋ?»

ሴቶቹ ሳቁ። ሐመልማል ውሸቱ አፏ ላይ ነበር፤ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ነው ልትል፣ ሁሉም «ይማርዎት» ብሎ ሊያልፍ። አባቷን አየች። ጉሮሯቸው ወጣ፣ ወረደ።

«ሱባኤ አልገቡም እትዬ ሙሉነሽ» አለች። «ታመዋል። መሞት ፈልገው ነው የወጡት። ወደ ጤና ጣቢያ እየወሰድኳቸው ነው።»

የሴቶቹ ሳቅ ባለበት ቀረ። ሙሉነሽ ጠርሙሱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው፤ ግራ ቀኝ አየች፤ ድምፅዋን ወደ ጥርሷ መካከል አወረደችው። «ዝም በይ! አብደሻል? ሰው ይሰማል!»

«ይስማ» አሉ አባቷ።

አንዷ ሴት ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች፤ ሌላዋ መንገዷን ቀጠለች፤ ከዚያም ሦስተኛዋ። ሙሉነሽ ጠርሙሱን ልትዘረጋላቸው እጇን አነሣችና መልሳ አወረደችው፤ ፊቷ ላይ ያለው ንቀት ይሁን ፍርሃት ሐመልማል መለየት አልቻለችም። ከዛሬ ማታ ጀምሮ በየቤቱ ምን እንደሚባል ታውቃለች።

ታክሲ መጣ። ረዳቱ በበሩ ተንጠልጥሎ፣ «ፈረንሳይ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል።

«ሁለት ነን» አለች ሐመልማል።

«አባትን አስገቢያቸው እናት፣ አንቺ በሚቀጥለው ነይ። ፈረንሳይ ነው፣ የት ይሄዳሉ?»

«አይሆንም። ሁለት ነን።»

ረዳቱ ትከሻውን ነቀነቀና ጣራውን መታ፤ ታክሲው ጭቃውን ረጭቶባቸው ሄደ። አሥራ አንድ ሰዓት እየቀረበ ነው። ልጅቷ እጠብቃለሁ ብላለች፤ ትጠብቅ አትጠብቅ አይታወቅም። መንገዱ ባዶ ሆነ። አባቷ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ደኑ አዞሩ። ሐመልማል ዓይናቸውን ተከትላ አየች። ጭጋጉ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ሸፍኖ ወደ መንገዱ እየወረደ ነበር። እጅጌያቸውን በሁለት እጇ ያዘች።